የመጀመሪያ ክራር ስለመግዛት፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ክራር መጀመር የሚፈልጉ ሰዎች ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ማታ ተቀምጬ እመልሳለሁ። ብዙ ዓመት ክራር ስጠግን ስለኖርኩ ጀማሪዎች ምን ገዝተው እንደሚመጡ አውቃለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የምለው፦ ሳትቃኙ አትግዙ።

ጀማሪዋ (ሐዋሳ)፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ክራር ነክቼ አላውቅም፤ ያጠራቀምኩት ገንዘብም ትንሽ ነው። ምን ዓይነቱን ልግዛ ይላሉ?

መላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ገንዘብሽ ትንሽ ከሆነ ጌጡን ተዪው። ዛጎል የተደረደረበትና በቀለም ያሸበረቀ ክራር ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለግድግዳ ነው፤ የምትከፍዪውም ለጌጡ ነው። ገንዘብሽ መሄድ ያለበት ክሩን ወደምታጠብቂበትና ወደምታላዪበት መቃኛ ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ። በጊታር አንዱን ክር አንገቱ ላይ እየተጫኑ ብዙ ድምፅ ያወጡበታል። ክራር ግን አንገት የለውም፤ አንድ ክር አንድ ድምፅ ነው። ስለዚህ ቅኝት፣ ማለትም የአምስቱን ድምፆች ስልት፣ ስትለውጪ ክሮቹን ራሳቸውን ማጥበቅና ማላላት አለብሽ። ሙሉ ትዝታ የሚባለው ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሙሉ ባቲ የሚባለው ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ከአምስቱ ድምፆች ሦስቱ ከፍ አሉ ማለት ነው። ሌሎቹ ቅኝቶች አምባሰልና አንቺሆዬ ሲጨመሩ በአንድ ምሽት ልምምድ መቃኛውን ስንት ጊዜ እንደምታዞሪ አስቢው። መቃኛው የሚንሸራተት ከሆነ የተበላሸውን ድምፅ ጆሮሽ ይለምደዋል፤ ይህን ልማድ በኋላ ለማስተው ወራት ይፈጃል።

ሱቅ ስትገቢ ሁለቱን ምሰሶዎች ይዘሽ ቀስ ብለሽ ነቅንቂ፤ ቆዳው ከተወጠረበት ገበቴ ጋር የተጋጠሙበት ቦታ ንቅንቅ ካለ ተዪው። ቆዳውን በጣትሽ ዙሪያውን መታ መታ አድርጊ፤ በአንድ በኩል የደነዘዘ ድምፅ ካለው ወጥረቱ እኩል አይደለም። ስፌቱንም እዪው። ከዚያ ይቃኙልሽ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይጫወቱበት፤ እንደገና ስሚው። ወርዶ ካገኘሽው አትክፈዪ።

ከአዳማ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መላሽ፦ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር የሚቀጥለው ወር ስለማይሠራ አልጽፍም። ሦስት ቦታ ጠይቅ።

ዘመድኩን፦ ባለ አምስት ክር ነው ባለ ስድስት የሚሻለው?

መላሽ፦ ባለ ስድስት። ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይደግምልሃል፤ ካልፈለግኸው አትነካውም።

የጎንደር ልጅ፦ ጋሼ፣ ክሩን ረሱት። ናይለን ያሰረ ሰው ክራር ያዘ አይባልም። አባቶቻችን የሚያስሩት ጅማት ነበር።

የመድረክ ሰው፦ ወንድሜ፣ ጅማት ክረምት ሲገባ ቅኝቱን አይጠብቅም። ለመድረክ የብረት ክር ነው የሚያዋጣው፤ ድምፁ ከከበሮው በላይ ይሰማል።

የጎንደር ልጅ፦ የብረት ክር የጊታር ድምፅ ነው እንጂ የክራር አይደለም።

የመድረክ ሰው፦ ጅማት ከወደድክ በገና አለልህ። አሥሩም ክሩ ጅማት ነው።

መላሽ፦ በገና ሌላ መሣሪያ ነው፤ እዚህ አታምጡት። ይህ ክርክር ሐዋሳ ላለችው እህታችን አይጠቅማትም። ለጀማሪ ናይለን ይበቃል፤ ርካሽ ነው፣ ለጣትም ይለሰልሳል። አዲስ ሲሆን ለጥቂት ቀናት እየተለጠጠ ድምፁ ይወርዳል፤ ይህ የክራሩ ጥፋት ስላልሆነ ደጋግማችሁ ቃኙት። ለናይለን በተሠራ ክራር ላይ የብረት ክር የምታስሩ ግን ተጠንቀቁ። የብረት ወጥረት ከባድ ነው፤ ከላይ ክሮቹ የሚታሰሩበትን ቀንበር ያጎብጣል፣ ክሮቹ ቆዳው ላይ የሚያርፉበት ብርኩማም ቆዳውን ይደፈጥጠዋል። ቆዳቸው የተቀደደ ክራሮች በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ መጥተውልኛል።

ብሩክ፦ እንደ አስናቀች ወርቁ መጫወት እፈልጋለሁ። የትኛው ክራር ነው እንደዚያ የሚያሰማኝ?

መላሽ፦ የትኛውም አያሰማህም። የአስናቀች ክራር ድምፅዋን ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ስትዘፍን አይቀድማትም። ይህን የምታገኘው ከጣትህና ከጆሮህ ነው። ደግሞ ግርፍና ድርደራ የተለያዩ መሆናቸውን እወቅ። በግርፍ ቀኝ እጅህ በመግረፊያ ሁሉንም ክር ይመታል፤ የግራ እጅህ ጣቶች የማትፈልጋቸውን ክሮች ያፍናሉ። በድርደራ እያንዳንዱን ክር በጣትህ ትነቅላለህ። እኔ ለጀማሪ ድርደራን አስቀድማለሁ፤ አንድ ክር ከቅኝት ሲወጣ ወዲያው ይሰማሃል። ለድርደራ ደግሞ በክሮቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ርቀት ያለውን ክራር ምረጥ።

ከአዳማ፦ ሶኬት ያለው ክራርስ?

መላሽ፦ ለመጀመሪያ አይሆንም። ድምፅ ማጉያም ትገዛለህ።

እመቤት (ቨርጂኒያ)፦ ጋሼ፣ እዚህ ደህና ክራር ማግኘት ከባድ ነው። ያገለገለ ባንጆ (ጊታር የሚመስል የአሜሪካ መሣሪያ) ግን በርካሽ አየሁ፤ እርሱም ቆዳ አለው። በእርሱ ትዝታ ብጀምርስ?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ባንጆን ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች አሜሪካ ላይ ነው የሠሩት፤ በገበቴ ላይ የተወጠረ ቆዳ መኖሩም ከክራር ጋር ያቀራርበዋል። ዛሬ ግን አብዛኛው ባንጆ የተወጠረበት ፕላስቲክ ነው። ከሁሉ በላይ አንገት አለው፤ የግራ እጅሽ ሥራ ፍጹም ሌላ ይሆናል። ትዝታን ልትጫወቺበት ትችያለሽ፤ ክራር ግን አያስተምርሽም። ባንጆን ለራሱ ወደሽው ከሆነ ግዢው፤ አንደኛው ክር አጠር ያለበትን ባለ አምስት ክር ፈልጊ፤ አንገቱ አለመጣመሙን እዪ። ብርኩማው ስላልተጣበቀ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ከአንገቱ ጫፍ አንገቱ ላይ እስካለው አሥራ ሁለተኛው የብረት መስመር ያለው ርቀት ከዚያ እስከ ብርኩማው ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። ይህን ሳያዩ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው የሚጥሉት ብዙ ናቸው።

ክራር ከአገር ቤት ሰው የሚያመጣልሽ ከሆነ ክሮቹን አላልቶ ያምጣው። በክረምታችሁ ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቅ ቆዳው ይወጠራል፤ ከማሞቂያው አርቀሽ አስቀምጪው።

ሙሉ፦ ጥሩ ክራር የት ይገኛል? የትኛው ይሻላል?

መላሽ፦ «የትኛው» የሚለውን ከላይ መልሻለሁ፤ እባክህ አንብብ። «የት» ለሚለው፣ ከጌጣጌጥ ሱቅ ይልቅ ወደ ሠሪው ሂድ። አዲስ አበባ ከሆንክ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራር የሚማሩትን ጠይቅ፤ ማን እንደሚሠራላቸው ይነግሩሃል። ሳትቃኝም አትግዛ።

ዘመድኩን፦ በስልክ መቃኘት ይቻላል?

መላሽ፦ ይቻላል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረዳል። ነገር ግን ስልኩ የሚያውቀው የፒያኖን ልክ ነው። የድሮ ደርዳሪዎች ቅኝት ከፒያኖ ጋር በትክክል አይገጥምም፤ አንቺሆዬ ላይ ልዩነቱ በደንብ ይሰማል። መነሻ ድምፅህን ደግሞ ከራስህ ጉሮሮ ውሰድ፤ ክራሩ ለዘፋኙ ይቃኛል እንጂ ዘፋኙ ለክራሩ አይጨነቅም።

ሙሉ፦ ስለዚህ ምን ዓይነት ልግዛ?

መላሽ፦ ሦስተኛ ጊዜ አልመልስም።

ጀማሪዋ (ሐዋሳ)፦ ጋሼ፣ ዛሬ ሁለት አየሁ። አንዱ የእንጨት ገበቴ ያለው፣ በጣም የሚያምር ነው፤ ስድስተኛው መቃኛ ግን ሲለቁት ትንሽ ይመለሳል። ሌላው ገበቴው የብረት ሳህን ነው፤ ቀለሙም ተላልጧል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን እንደተቃኘ ነበር።

መላሽ፦ ሳህኑን ግዢ። በተረፈሽ ገንዘብ ትርፍ ክር ያዢ።