ባንኮክ ልመለስ ወይስ ሌላ ክፍለ ሀገር ልሞክር?

ውድ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌ አነባለሁ። ታይላንድ ውስጥ ብዙ ዓመት እንደኖሩ ስለማውቅ ይህን ጉዳይ ለማን ልንገር ሳልል ወደ እርስዎ መጣሁ።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ወደ ታይላንድ የመጣሁት ባንኮክ ለመማር ነበር። ስጨርስ የእንግሊዝኛ መምህርነት ሥራ አገኘሁና ናኮን ሳዋን ገባሁ። ለማያውቋት አንባቢዎች፣ ከባንኮክ በስተሰሜን 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ፒንግና ናን የሚባሉት ወንዞች እዚህ ተገናኝተው ቻኦ ፕራያ ይሆናሉ።

ሥራዬን እወደዋለሁ። ልጆቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ባልደረቦቼም አይከፉም። የሚከብደኝ ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክፍሌ ገብቻለሁ። ሶንግቴው የምንለው፣ ከኋላው አግዳሚ የተገጠመለት ፒክአፕ ታክሲ ሲመሽ ይጠፋል። ሞተር ሳይክል መንዳት ደግሞ እፈራለሁ። ቅዳሜ ሞል ሄጄ ዞሬ እመለሳለሁ። እሁድ እተኛለሁ።

ከማውቃቸው የውጭ ሰዎች አብዛኞቹ የታይ ሚስት ያላቸው ጡረተኞች ናቸው። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ወሬያቸው ግን ስለ ጡረታ ገንዘብ፣ ስለሚሠሩት ቤትና ስለ ቢራ ነው። የከተማው ሰው ደግሞ “መምህር” ብሎ እጁን አጋጥሞ በአክብሮት ያልፋል፤ ከዚያ በላይ አይቀርበኝም። ገበያ ስወጣ ፀጉሬንና ቆዳዬን አፍጥጠው ያያሉ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን በየቀኑ ሲሆን ይደክማል። ጾም ሲገባም የምበላው ይጠፋኛል። የዓሣ መረቅ ያልገባበት ወጥ የለም።

ውሌ መጋቢት ላይ ያልቃል። በሰሜን ምሥራቅ ባለችው ኮን ኬን ያለ አንድ ትምህርት ቤት ጠርቶኛል። በሰሜን ባለችው ናን ከተማ ውስጥም ክፍት ቦታ አለ፤ አንዲት ባልደረባዬ “ከታይላንድ ሁሉ ቆንጆዋ ከተማ ናት” ትለኛለች። በምሥራቅ ባለችው ቻንታቡሪም ማስታወቂያ አይቻለሁ። ባንኮክ ያሉ ያገሬ ልጆች “ክፍለ ሀገር ምን ትሠሪያለሽ፣ ተመለሽ” ይሉኛል። እዚህ የቆዩ ፈረንጆችን ብጠይቅ ደግሞ አንዱ ገነት ያለውን ከተማ ሌላው መቃብር ይለዋል።

የሚደብረው ከተማው ነው ወይስ እኔ ነኝ? የትስ ብሄድ ይሻለኛል?

ናፍቆት፣ ከናኮን ሳዋን

*

ውድ ናፍቆት፣

ከመጨረሻው ልጀምር። አንቺ ምንም አልሆንሽም። ናኮን ሳዋንም መጥፎ ከተማ አይደለችም፤ ግን ላንቺ ዕድሜና ለብቻ ኑሮሽ የምትመች አይደለችም። የነጋዴ ከተማ ናት። ድሮ ከሰሜን በወንዝ የሚወርደው የቲክ ግንድና ሩዝ የሚቆመው እዚያ ነበር። ዛሬ ወደ ሰሜን የሚሄደው መኪና ሁሉ ያልፍባታል፤ የሚያድርባት ግን ጥቂት ነው። የቻይናውያን አዲስ ዓመት ሲመጣ ዘንዶው ጎዳና ለጎዳና ይጨፍራል፣ ከተማው ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። በዓሉ ሲያልፍ ሰው ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ይገባል። ቤተሰብ ላለው ይህ ሰላም ነው። ቤተሰብ ለሌለው ግን ከባድ ነው፤ ድካምሽ ይገባኛል።

አንዱ ገነት ሌላው መቃብር የሚለው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። የሚናገረው ማን እንደሆነ እይ። የጡረታ ቪዛ የሚሰጠው ዕድሜው 50 ለሞላ፣ ባንክ ውስጥ 800,000 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ወይም የወር 65,000 ባት ገቢ ላለው ሰው ነው። የዚያ ሰው ቀን በጠዋት ይጀምራል። ግቢ አለው፣ መኪና አለው፣ የሚስቱ ዘመዶች በዙሪያው ናቸው። እሱ የሚፈልገው ደህና ሆስፒታልና ጸጥታ ነው። ስለ ታይላንድ ክፍለ ሀገር የምትሰሚው ምክር በብዛት ከእሱ ዓይነት ሰው የመጣ ነው። ለእሱ እውነት ነው። አንቺ ግን የምትኖሪው በደሞዝ ነው፣ መኪና የለሽም፣ እኩያ ትፈልጊያለሽ። የእሱ መለኪያ ላንቺ አይሠራም።

ኡዶን ታኒን ውሰጂ። እነሱ ከሚያወድሷቸው ከተሞች አንዷ ናት። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ አየር ኃይል ጣቢያ ነበረባት፤ ዛሬም ብዙ ምዕራባውያን ይኖሩባታል። ምግባቸውም መጠጥ ቤታቸውም አለ፣ ወደ ላኦስ ድንበርም ቅርብ ናት። አንቺ ብትሄጂ ግን ናኮን ሳዋን ላይ የሰለቸሽን ወሬ በብዛት ነው የምታገኚው። አልመክርሽም።

እኔ አንድን የታይ ከተማ የምለካው በማክሰኞ ምሽት ነው። ቅዳሜ ሁሉም ከተማ ያምራል፤ መንገዱ ለመኪና ይዘጋል፣ ምግቡ ይደረደራል፣ ዘፈኑ ይደምቃል። ማክሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ግን ሰው የት ነው ያለው? የሚሮጥበትና በቡድን ስፖርት የሚሠራበት ሐይቅ ዳር አለ? ወጣቱ መጽሐፍ ይዞ የሚያመሽበት ካፌ አለ? በእግርሽ ደርሰሽ የምትመለሽበት የማታ ገበያ አለ? እነዚህ ካሉ ከተማው ይኖርበታል። ከሌሉ የቱንም ያህል ቢያምር ለጉብኝት ነው።

ባልደረባሽ ስለ ናን የነገረችሽ እውነት ነው። ዋት ፑሚን የሚባለው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች፣ ሰው ጆሮ ላይ ሲያንሾካሹክ የሚታይበትን ጨምሮ፣ ለሰዓታት ያቆማሉ። ተራራው ዙሪያውን ከቦታል፤ እዚያው ተራራ ላይ ቡና ይበቅላል። ከዓርብ እስከ እሁድ ቤተ መቅደሱ አጠገብ የእግረኛ ገበያ አለ፤ ሰው ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይበላል። ሰኞ ግን ጭር ይላል። ባቡር አይደርስበትም፤ ከባንኮክ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ገበሬው ማሳውን ሲያቃጥል ጭሱ ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፤ ሳንባ ለሚያመው ሰው አደጋ ነው። ባለትዳር ብትሆኚ ወይም በርቀት የምትሠሪ ብትሆኚ ሂጂ እልሽ ነበር። አሁን ግን በጥቅምቱ የትምህርት ቤት እረፍት ሳምንት ቆይተሽበት ተመለሽ። ሰሜን ልኑር ካልሽ ደግሞ ላምፓንግ ትሻልሻለች፤ ባቡር አላት፣ ቺያንግ ማይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ቻንታቡሪ የምወዳት ከተማ ናት። ከባንኮክ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው። የከበረ ድንጋይ ገበያዋ በዓለም የታወቀ ነው። ከዓርብ እስከ እሁድ ነጋዴው በየጠረጴዛው ተቀምጦ ሩቢና ሰንፔር በመብራት ያያል። ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ የሚመጣው ድንጋይ እዚያ ይቆረጣል፣ ይሸጣል። ስለዚህ የአፍሪካ ሰው እዚያ መንገድ ላይ ብርቅ አይደለም፤ ከምዕራብ አፍሪካ መጥተው ለዓመታት የሠሩ ነጋዴዎች አሉ። ከአክሱም አካባቢ ሰንፔር መውጣቱ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከታወቀ በኋላ የእኛም አገር ድንጋይ ስሙ ይነሳል። ቆዳሽን አይቶ ከማፍጠጥ ይልቅ “ድንጋይ ይዘሻል?” ብሎ የሚጠይቅሽ ይበዛል። ወንዝ ዳር ያረጁ የእንጨት ቤቶች አሉ፤ ከወንዙ ማዶ በ1909 እ.ኤ.አ. የተሠራው የካቶሊክ ካቴድራል ይታያል። ምእመናኑ በብዛት ከቬትናም ተሰደው የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። የእኛ ሥርዓት ባይሆንም፣ እሁድ ገብተሽ በጸጥታ የምትጸልዪበት ቤት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ፍራፍሬው ከተማውን ያጥለቀልቀዋል።

የምፈራልሽ ነገር ግን አለ። ነጋዴው ዓርብ ይመጣል፣ እሁድ ማታ ብዙው ወደ ባንኮክ ይመለሳል። የማክሰኞውን ምሽት የምታሳልፊው እንደገና ብቻሽን ሊሆን ይችላል። ክረምቱም ዝናቡ ከባድ ነው። ከካምቦዲያ ጋር በ2025 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ ውጊያ ከተነሳ ወዲህ የድንበር አውራጃዎቹን ወሬ መከታተል ያስፈልጋል። ከተማዋ ራሷ ከድንበሩ ራቅ ትላለች፤ ሆኖም የትኛውም የምሥራቅ ድንበር ክፍለ ሀገር ከመሄድሽ በፊት አጣሪ።

ስለዚህ ኮን ኬን ሂጂ ነው የምልሽ። ለዓይን አታምርም። ሲሚንቶና ሰፊ አስፋልት ናት፣ ተራራ የለ፣ ባሕር የለ፣ ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ግን በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አላት። እሱ ነው ከተማዋን ሕያው ያደረጋት። ወጣቱ ብዙ ነው፤ የውጭ መምህራንና ተመራማሪዎችም አሉ፣ ከአፍሪካ ለትምህርት የሚመጣም አይጠፋም። ቡዌንግ ኬን ናኮን የሚባለው ሐይቅ ዙሪያ በየምሽቱ ሰው ይሮጣል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። ባንኮክ ሲናፍቅሽ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባቡርም አውቶቡስም አውሮፕላንም አለ።

ኮን ኬን ያለችበት የሰሜን ምሥራቁ ክፍል ኢሳን ይባላል፤ የኢሳን ሰው ደግሞ ለእኛ ይቀርባል። የሚጣበቀውን ሩዝ በእጃቸው ቆርሰው፣ አንድ ላይ ከበው ነው የሚበሉት። ሲበላ ከደረስሽበት “ነይ ብይ” ሳይልሽ አያልፍም። ጥሬ ሥጋም ይወዳሉ። ጥሬ ዓሣ ግን እንዳትቀምሺ፤ የወንዙ ዓሣ ውስጥ ያለው የጉበት ትል ለሐሞት ቱቦ ካንሰር ያጋልጣል። በዚያ አካባቢ ስንቱን ቤት ያጎደለ በሽታ ነው።

ጓደኛ የት ላገኝ ትያለሽ ይሆናል። ጡረተኞቹን ተያቸውና የፊሊፒንስ መምህራንን ፈልጊ። በታይላንድ ክፍለ ሀገሮች ሁሉ አሉ፤ ናኮን ሳዋንም እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። በደሞዝ ይኖራሉ፣ ከአገር ርቀዋል፣ እሁድ ይሰበሰባሉ፣ አብረው ያበስላሉ። የካሜሩን መምህራንም ብዙ ናቸው። ኑሯቸው እንዳንቺው ነው፤ ቶሎ ትግባባላችሁ።

የከተማው ሰው እንዲቀርብሽ ደግሞ ማንበብ ተማሪ፤ መናገር ብቻ አይበቃም። የታይ ፊደል 44 ተነባቢ ነው። ሀ ሁ ሂ ሃን በልጅነቱ ለጨረሰ ሰው አያስፈራም። የምግብ ዝርዝሩን ስታነቢላት ሻጯ ፊቷ ሲለወጥ ታያለሽ። “መምህር” ብሎ የሚያልፍሽ ሰው ቆሞ ማውራት የሚጀምረው ያኔ ነው።

ለጾሙ መልስ አለኝ። ቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ ቀለም “ጄ” ተብሎ የተጻፈበትን ቤት ፈልጊ። የቻይና ሃይማኖታዊ ጾም ምግብ ነው፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትም ሆነ የዓሣ መረቅ አይገባበትም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለውም። ናኮን ሳዋን የቻይና ዘር የበዛባት ከተማ ስለሆነች፣ ገበያው አካባቢ ዛሬውኑ ታገኚያለሽ። ኮን ኬንም አለ። ቡና ከናፈቀሽ የሰሜኑን ጥሬ አራቢካ ግዢና እቤትሽ ቁዪ፤ ጎረቤት ጥሪበት።

ስለ ባንኮክ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሥራ ካለሽ ተመለሽ፤ ብቸኝነትን ሽሽት ብቻ ከሆነ ግን አትመለሽ። ያገርሽን ልጆች በወር አንዴ ሄደሽ እያቸው። አንዱ ከተማ ዳር፣ ሌላው ሌላ ዳር ስለሚኖሩ፣ እዚያም ሆነሽ ከዚያ በላይ አታገኚያቸውም።

ኮን ኬን ስትሄጂ ክፍሉን ርካሽ ነው ብለሽ ከተማ ዳር አትከራዪ። ማታ ሶንግቴው የለም ብለሻል፤ ስለዚህ በእግርሽ ሐይቁ ወይም የዩኒቨርሲቲው ሰፈር የምትደርሽበት ይሁን። ጥቂት ባት ጨምሪ። ከመሸ በስልክ የሚጠራ መኪና አለ። ሞተር ለመንዳት ራስሽን አታስገድጂ፤ የአገሩ መንገድ በሞተረኛ ሞት የታወቀ ነው።

የወረቀቱን ነገር አደራ። የመኖሪያም የሥራም ፈቃድሽ ከቀጣሪሽ ጋር የታሰረ ነው። ሥራ ያቆምሽበት ቀን የመቆያ ፈቃድሽም ያበቃል። አሁን ያለሽበት ትምህርት ቤት የሚሰርዝበትንና አዲሱ የሚያስገባበትን ቀን አስቀድመሽ አገናኚ። “ድንበር ወጥተሽ ትመለሻለሽ” የሚሉሽን በኢትዮጵያ ፓስፖርት እንደሚቻል ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄደሽ ሳትጠይቂ አትመኚ። ትምህርት የሚጀምረው ግንቦት አጋማሽ ላይ ስለሆነ አንዳንድ ትምህርት ቤት የዓመት ውል እያለ የሚከፍለው የአሥር ወር ብቻ ነው። የሚያዝያ ደሞዝ እንዳለ ውሉ ላይ ተጽፎ ካላየሽ አትፈርሚ።