ክራርና ጊታር ወንድማማች አይደሉም፦ ስለ ሙዚቃ መሣሪያዎች ዘር ጥያቄና መልስ

ክራርና ማሲንቆ ሳስተምር ስለ ቅኝት ከሚጠይቀኝ ሰው ይልቅ «ይሄ ከየትኛው ወገን ነው?» የሚለኝ ይበዛል። ስለ መሣሪያዎች ዝምድና የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ የክር፣ የትንፋሽና የምት ተብለን ነው የተማርነው። ልጄ ደግሞ አራት ነው እያለች ትከራከረኛለች። ማን ነው ልክ?

ሦስቱ ለመነሻ አይከፋም። ችግሩ «የምት» ላይ ነው። በአማርኛ ክራርም ይመታል፣ ከበሮም ይመታል። በደጋን እየታሸ የሚያለቅሰውን ማሲንቆ እንኳ ተጫዋቹን «ማሲንቆ መቺ» ነው የምንለው። በዚህ ከሄድን የማይመታው ዋሽንት ብቻ ሊሆን ነው! ፒያኖንም ውሰዱት። ውስጡ ክር ነው፣ ክሩን የሚመታው ግን መዶሻ ነው። የት ታስቀምጡታላችሁ?

አራቱን ያወጡት የሙዚቃ ተመራማሪዎቹ ኤሪክ ፎን ሆርንቦስቴልና ኩርት ዛክስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1914። እጅ የሚሠራውን ትተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ድምፅ ሲወጣ መጀመሪያ የሚርገበገበው ምንድን ነው? ክር፣ አየር፣ የተወጠረ ቆዳ ወይስ የመሣሪያው አካል ራሱ? ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። ከእነሱ በፊት የብራስልሱ ቪክቶር ማሂዮን በአራት ከፍሎ ነበር፤ እሱ ደግሞ መነሻ ያደረገው የሕንዶችን ጥንታዊ አከፋፈል ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አምስተኛ ወገን ሆነው በኋላ ተጨመሩ። ስለዚህ ልጅሽ ብዙም አልተሳሳተችም።

ጥያቄ፦ ክራር «የእኛ ጊታር» ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሁለቱም የክር ወገን ናቸው፣ እዚያ ላይ እንስማማ። ከዚያ በኋላ ግን ይለያያሉ። ጊታር አንገት አለው፤ ክሩ በአንገቱ ላይ ተዘርግቶ ሣጥኑ ድረስ ይወርዳል። በግራ እጅህ ክሩን እየተጫንክ ታሳጥረዋለህ፣ ከአንዱ ክር ብዙ ድምፅ ታወጣለህ። ክራር አንገት የለውም። ከሣጥኑ ሁለት ቋሚ እንጨቶች ይወጣሉ፣ ከላይ አንድ አግዳሚ ያያይዛቸዋል፣ ክሮቹም ከአግዳሚው ላይ ይወጠራሉ። ከክሮቹ ጀርባ ባዶ አየር ነው፤ ምኑ ላይ ትጫናለህ?

አሁን ማሲንቆን ተመልከት። አንድ ክር፣ አንድ ሣጥን፣ አንድ ረጅም አንገት። ጣትህ ክሩ ላይ ወጣ ወረድ ይላል። ስለዚህ የጊታር ዘመድ ማሲንቆ ነው! ክራር የሚዛመደው ከበገና ጋር ነው። ከአገር ውጪ ዘመድ ካስፈለገው ደግሞ የሱዳኑ ታንቡራና የኬንያ ሉዎዎች ኛቲቲ አሉለት። የጥንት ግሪኮችም ይህን ዓይነት ይጫወቱ ነበር። ዛሬ ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ በሕይወት በብዛት ያለው በእኛው በምሥራቅ አፍሪካ ነው።

ጥያቄ፦ በገናና ክራር አንድ ከሆኑ በገና ለምን እንደ ንብ እምም ይላል?

እንዚራ ስላለው። 10ሩም ክሮች በርኩማው (ክሮቹን ከፍ አድርጎ በያዘው ድልድይ) ላይ ሲያልፉ በእያንዳንዱ ክር ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ደርዳሪው ቁራጯን በጣቱ ወደፊት ወደኋላ እየገፋ ይፈትናል። በትክክል ስትቀመጥ ክሩ በርኩማውን እየነካ እየለቀቀ ይርገበገባል፤ ያ ነው የምትሰማው እምምታ። በጥቂቱ ከተንሸራተተች ክሩ ድምፁ ይታፈናል። እንዚራ ማስተካከል ከመደርደሩ በላይ ትዕግሥት የሚፈታተናቸው ተማሪዎች አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሳክስፎን ከናስ እየተሠራ ከእንጨቶቹ ጋር የሚቆጠረው ለምንድን ነው?

የተሠራበትን አትይ፣ አፉን እይ። ሳክስፎን አፉ ላይ ስስ የሸምበቆ ምላስ አለችው፤ እንደ ክላርኔት። ቤልጂጋዊው አዶልፍ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1846 ፓሪስ ላይ የባለቤትነት መብት ሲያወጣበትም እንዲሁ ነበር። ትራምፔት ላይ ግን የሚርገበገበው የነፊው ከንፈር ነው። ስለዚህ ከቀርከሃ የተሠራው የእኛ መለከት ከትራምፔት ወገን ይሆናል፣ ናሱ ሳክስፎን ደግሞ ከክላርኔት ወገን። ያም ሆኖ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲነፋው ወገኑ ማን እንደሆነ ማን ያስታውሳል!

ጥያቄ፦ እምቢልታና ዋሽንትስ?

አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ትንፋሹ ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል። ዋሽንት ብዙ ጊዜ 4 ቀዳዳ አለው። እምቢልታ ምንም የለውም። ለዚህ ነው ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ዜማውን የሚገጥሙት።

ጥያቄ፦ ማኅሌት ላይ ያሉት ጸናጽልና ከበሮ አንድ ቤተሰብ ናቸው አይደል?

አይደሉም። ከበሮ ላይ የሚርገበገበው ቆዳው ነው። ጸናጽል ላይ ግን የተወጠረ ነገር የለም፤ ብረቱ ራሱ ነው የሚጮኸው። የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎንም ቢሆን የሚመታው የብረት ዘንግ ስለሆነ ከከበሮ ይልቅ ለጸናጽል ይቀርባል።

ጥያቄ፦ አኮርዲዮን የፒያኖ ቁልፍ አለው። ከፒያኖ ጋር ነው?

ከዋሽንት ጎራ ነው። ትንፋሹ ከሳንባ ሳይሆን ከወናፍ ይመጣል፤ ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሩ ስስ የብረት ምላሶችን ያርገበግባል። ቁልፍ ዘር አይወስንም።

ጥያቄ፦ ክራሬ ላይ የጊታር ክር ባስር ዘሩ ይቀየራል?

አይቀየርም፤ ድሮ የአንጀት ክር ነበር፣ ዛሬ ናይለኑም ሽቦውም አለ፤ ሁሉም ክራር ነው። የብረቱን ክር ግን ቀስ እያልክ አጥብቀው። እኔ ቸኩዬ ላዩን አግዳሚ ሰብሬዋለሁ፤ ያውም የተዋስኩት ክራር ነበር።