ትንሿ ቅንጣት ላይ ብሩ አይበቃም

ወንድሜ፣ የጠየቅከው «ብርና መዳብ ግማሽ በግማሽ ቀላቅዬ ናኖ ቅንጣት ብሠራ፣ አወቃቀሩን የሚወስነው መጠኑ ነው ወይስ ድርሻው?» ብለህ ነው። ናኖ ቅንጣት ማለት በናኖሜትር፣ በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ፣ የምትለካ ደቃቅ ቅንጣት ናት። ሁለቱን ነጥለህ ካየሃቸው መልስ አታገኝም። ና አቶም እንቁጠር።

55 አቶም ያላትን ቅንጣት ውሰድ። አቶሞቹ በአይኮሳሄድሮን፣ ማለትም ሃያ ፊት ባለው ቅርጽ ሲደረደሩ፣ 42ቱ ላይ ላዩን ይሆናሉ። ውስጥ የሚቀሩት 13 ብቻ ናቸው። የብር አቶም ከመዳብ ይተልቃል፣ የገጽ ኃይሉም (ገጽ ላይ ለመቀመጥ የሚጠይቀው ጉልበት) ያንሳል፤ ስለዚህ ወደ ውጭ መውጣት ይቀናዋል። የተጨናነቀው መሃል ለትንሹ መዳብ ይመቸዋል። ግን ግማሽ በግማሽ ካልክ ያለህ ብር 27 ወይም 28 ነው። 42 ቦታ ከየት ይሸፍናል? መዳቡ ሳይወድ በግዱ ገጹ ላይ ይቀራል። አሁን 561 አቶም ያላትን እይ። ላይ ላዩን ያሉት 252 ናቸው፣ ብሩ ደግሞ 280 ገደማ። ሸፍኖ ይተርፈዋል! ድርሻው ያው፣ አወቃቀሩ ግን ሌላ።

ቅርጹም ከመጠኑ ጋር ይለወጣል። አይኮሳሄድሮን ውስጡ የታመቀ ነው። ቅንጣቷ ስታድግ ያን ጫና መሸከም ያቅታትና እንደ ትልቁ ብረት ኩቢክ፣ ማለትም በኩብ ቅርጽ የሚደጋገም፣ አደራደር ትይዛለች። ይህ የሚሆንበት መጠን ከብረት ብረት ይለያያል፤ ለሁሉም አንድ ቁጥር የሚሰጥህን አትስማ።

እኔ የተሸወድኩት በወርቅና በብር ነው። ኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ኤክስሬይ በአቶሞቹ አደራደር ተበትኖ የሚሰጠው ሥዕል) ላይ አንድ ረድፍ ፒክ፣ ማለትም ጉብታ፣ ብቻ ሳይ «ተዋህዷል» ብዬ ጻፍኩ። ለካ የሁለቱ የላቲስ ልክ፣ ማለትም የአቶሞቹ አደራደር የሚደጋገምበት ርቀት፣ 4.08 እና 4.09 አንግስትሮም (የናኖሜትር አንድ አሥረኛ) ነው። ፒኩ በቅንጣቷ ትንሽነት ምክንያት ሰፍቶ፣ ያቺን ልዩነት ማን ያያታል? ተዋሃዱም አልተዋሃዱም ሥዕሉ ያው ነው። ያጋለጠኝ የብርሃን መምጠጥ ልኬቱ ነው። አንዱ ፒክ 400 ናኖሜትር አካባቢ፣ ሌላው 520 አካባቢ፤ ብሩ ለብቻው፣ ወርቁ ለብቻው። ቢዋሃዱ ኖሮ መሃል ላይ አንድ ፒክ ነበር የማየው።

ሌላው አሠራሩ ነው። ብረቶቹ የሚሠሩባቸውን ሁለቱን ጨዎች (የብረቶቹን ውሁዶች) አንድ ላይ ብትጨምርም ቀድሞ ወደ ብረትነት የሚለወጠው መሃሉን ሊይዝ ይችላል፣ ቢመቸውም ባይመቸውም። ከሠራኸው በኋላም ያለበት አየር ይለውጠዋል፦ ወርቅና ፓላዲየም ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲመጣ ፓላዲየሙን ወደ ገጹ ይስበዋል።

እስቲ መጀመሪያ ስንት ናኖሜትር እንደሆነና በምን መንገድ እንደሠራኸው ጻፍልን። ካሞቅከውም እስከ ስንት ዲግሪ?