ጥያቄና መልስ፦ ፊቴ ሲለወጥ እኔም የጠፋሁ መሰለኝ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንደምን አሉ? ተዋናይት ነኝ። የመጀመሪያ ፊልሜን የሠራሁት በ13 ዓመቴ ነው። ዓመት ሳይሞላ ፖስተሬ ያልተለጠፈበት ቦታ አልነበረም። ሰው ሁሉ ‹ምን ዓይነት ቆንጆ ልጅ ናት› ሲለኝ ነው ያደግሁት። አሁን 47 ዓመቴ ነው። በቅርቡ የተላከልኝ ስክሪፕት ላይ የተሰጠኝ የእናት ካራክተር ነው። ልጄ ሆኖ የሚጫወተው ሰው ከእኔ የሚያንሰው በ12 ዓመት ብቻ ነው። ዋናዋን ሴት የምትሠራው የ20 ዓመት ልጅ ናት። ለሙከራ ቀረጻ ሜካፕ ክፍል ገብተን ከጎኔ ስትቀመጥ መስታወቱን ማየት አቃተኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እስካሁን እሺም እምቢም አላልኳቸውም። መምህር፣ በዚህ ማልቀሴ ኃጢአት ነው? ፊቴን በመርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ላስተካክል ብል እግዚአብሔርን ማሳዘን ይሆንብኛል? ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትስ ሥራ በእርሱ ፊት ከንቱ ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስምሽን አልጻፍሽም፤ እኔም ማን ትሆን ብዬ አልመረምርም።

ከለቅሶሽ ልጀምር። ማልቀስሽ ኃጢአት አይደለም። ሰው የሚወደውን ሲያጣ ያለቅሳል። አንቺም ከ30 ዓመት በላይ አብሮሽ የኖረ ነገር ከእጅሽ እየወጣ ነው። መዝሙረኛው «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፥ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ» ብሎ ጸልዮአል። ይህ የፈራ ሰው ጸሎት ነው። እንደ አሮጌ ዕቃ መጣልን የፈራ ሰው ጸሎት። ቤተ ክርስቲያን «እንዲህ አይባልም» ብላ አላስቀረችውም። ዳዊት በደገምን ቁጥር እኛም እንድንለው ታደርገናለች። ስለዚህ ፍርሃትሽን ደብቀሽ አትጸልዪ፤ ይዘሽው ቅረቢ።

«ውበት ሐሰት ነው፥ ደም ግባትም ከንቱ ነው» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ሳይጠቅስልሽ አይቀርም። ምሳሌ 31 ላይ ተጽፏል፤ እውነት ነው። ግን ቃሉን እንደ ድንጋይ አንስቶ የሚወረውርብሽ ሰው ካለ ተሳስቷል። ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች አንዱን ሊቀባ በሄደ ጊዜ እግዚአብሔር «ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» አለው። ይህን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። አምስት ቁጥር ዝቅ ብለሽ አንብቢ። ዳዊት ከበግ ጥበቃ ተጠርቶ ሲገባ፣ ያው መጽሐፍ ዓይኑ የተዋበ፣ መልኩም ያማረ ነበር ይላል። ልብን የሚያየው አምላክ የልጁን ዓይን ማማር እንዲደበቅ አላደረገም። ሣራም፣ ራሔልም፣ ዮሴፍም፣ አስቴርም ቆንጆ እንደነበሩ ተጽፏል። መልክሽ ስጦታ ነበር። በስጦታ መደሰት አያሳፍርም።

እኔን ያሳሰበኝ 47 ዓመት መሙላትሽ አይደለም። 13 ዓመትሽ ነው ያሳሰበኝ።

«ሰው ሁሉ ‹ምን ዓይነት ቆንጆ ልጅ ናት› ሲለኝ ነው ያደግሁት» ብለሻል። እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ስትስቅም ስታለቅስም የሚወዷት ሰዎች መካከል ያደገች ልጅ መወደድ ምን እንደሆነ ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች። በዚያ ዕድሜዋ ካሜራ ፊት የቆመች ልጅ ግን ሌላ ነገር ልትማር ትችላለች። ስታምር ይጨበጨብላታል። ሲደክማት ወይም ፊቷ ላይ ብጉር ሲወጣ ሁሉም ይጨነቃል፤ የሚጨነቁት ግን ለቀረጻው ነው። ቀስ በቀስ ጭብጨባና ፍቅር አንድ ይሆኑባታል። ይህ የልጅቷ ጥፋት አይደለም። ትልልቆቹ ሊያስቡላት ይገባ ነበር።

ጌታችን በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ነበር። ይሰማቸዋል፣ ይጠይቃቸዋል። የሰሙት ሁሉ በማስተዋሉና በመልሱ ተገረሙ። እንግዲህ አስቢው፤ አንድ ብላቴና፣ በትልቁ ከተማ፣ በትልልቅ ሰዎች ፊት፣ ሁሉም አፉን ከፍቶ እየሰማው። ከዚያስ ምን ሆነ? እናቱ መጣች። ከእነርሱ ጋር ወደ ናዝሬት ወረደ፤ ይታዘዝላቸውም ነበር። ማስተማር ሲጀምር ዕድሜው 30 ያህል እንደነበር ሉቃስ ጽፏል። በመካከሉ ወደ 18 ዓመት ይሆናል። ስለዚያ ዘመን የምናነበው በጥበብና በቁመት፣ በእግዚአብሔርና በሰው ፊትም በሞገስ ማደጉን ብቻ ነው። እርሱ አምላክ ሲሆን ይህን ያደረገው ለእኛ አብነት ሊሆነን ነው። ከግርምቱ በኋላ ቤት ነበረ። እናት ነበረች። ጸጥታ ነበረ።

አንቺ ናዝሬት አልነበረሽም፣ እህቴ። ከአንዱ ግርምት ቀጥታ ወደ ሌላው ተወሰድሽ። እጅሽን ይዞ ወደ ቤት የመለሰሽ ሰው አልነበረም። አሁን ስልክሽ የሚጠራው ቀነሰ፣ ፖስተርሽ ተነሳ፣ መንገድ ላይ የሚያስቆምሽ ሰው አነሰ። ጸጥታው ሞት መስሎሽ ፈራሽ። እኔ ግን ይህ ጸጥታ ያኔ የተነፈግሽው ናዝሬት ነው ብዬ አምናለሁ። ዘገየ እንጂ አልቀረም። ያማል፤ አያምም አልልሽም። ከልጅነቷ ጀምሮ በጩኸት መካከል ለኖረች ሴት ጸጥታ መጀመሪያ ላይ እንደ ጥላቻ ነው የሚሰማት። ቶሎ ብለሽ ግን አትሽሺው።

ስለ ሥራሽ ጠይቀሻል። የጥንት አባቶች በዘመናቸው ስለነበረው ቲያትር ከባድ ቃል ተናግረዋል። ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያም በቁስጥንጥንያም ደጋግሞ ገሥጿል። ሕዝቡ ቅዳሴውን ትቶ ወደ ትርኢቱ ይሄድ ነበር፤ መድረኩም ብዙ ጊዜ ዝሙት የሚታይበት ነበር። ሥራሽ ውስጥ አንቺን ወይም ሌላውን ያዋረደ ነገር ካለ እርሱን ለይተሽ ንስሐ ግቢበት። የሰውን ኀዘን ሰው እንዲያየው ያደረግሽበትን ግን ለምን ትጥይዋለሽ?

በዚያችው በአንጾኪያ የነበረች ጰላግያ የምትባል ተዋናይት ታሪክ አለ። ገድሏን ብታነቢው ደስ ይለኛል። በከተማዋ ካሉት ተዋንያን ሁሉ የታወቀች ነበረች። ታጌጥበት ከነበረው ዕንቁ የተነሳ ሰው በዕንቁ ስም ይጠራት ነበር። አንድ ቀን ጳጳሳት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጠው ሳለ አጃቢዎቿን አስከትላ በፊታቸው አለፈች። ሽቶዋ ቦታውን ሞላው። ጳጳሳቱ ፊታቸውን አዞሩ። አንዱ ግን፣ ኖኖስ ይባላል፣ እስክትርቅ ድረስ አያት። ከዚያም አለቀሰ። ይህች ሴት ሰውን ለማስደሰት ስንት ሰዓት ስታጌጥ ትውላለች፤ እኛ ነፍሳችንን ለእግዚአብሔር ለማስጌጥ መቼ ይህን ያህል ደከምን? ብሎ ነው ያለቀሰው። ከሁሉም መካከል እርሷን እንደ ሰው ያያት እርሱ ነበር። በኋላም ወደ ክርስቶስ የመጣችው በእርሱ ትምህርት ነው፤ ያጠመቃትም እርሱ ነው።

እኔ በጣም የምወደው የታሪኩን መጨረሻ ነው። ጰላግያ ሀብቷን ትታ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደች፤ በደብረ ዘይት ተራራ በትንሽ በዓት ዘግታ ኖረች። ከዓመታት በኋላ የኖኖስ ዲያቆን ያዕቆብ ወደዚያ ሄደ። በአንጾኪያ ሳለች ያንን ሁሉ ውበቷን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ትንሿን መስኮት አንኳኳ። ከፈተችለት። አላወቃትም። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ፊቷ ከጾም ብዛት ከስቶ ነበር። እርሷ ግን አወቀችው። ማን እንደነበረች የተረዳው ካረፈች በኋላ ነው።

ይህን የነገርኩሽ ሂጂና መንኩሺ ለማለት አይደለም። ያ የእርሷ ጥሪ ነው። ግን አንቺ የምትፈሪውን ነገር እርሷ አልፋበታለች። ያወቃት ሰው ፊቷን አይቶ አላወቃትም። እርሷ ግን አልጠፋችም።

እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ ዓይኗ ደክሞ ነበር። ልጠይቃት ስሄድ እጇን ወደ ፊቴ ትሰዳለች። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ጺሜን በጣቶቿ ትዳስሳለች። «ከስተሃል፤ አትበላም እንዴ?» ትለኛለች። ሽበቴን ግን አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ሽበት በጣት አይዳሰስም። በኢሳይያስ አፍ «እስከ ሽበትም ድረስ እሸከማችኋለሁ» ያለውን ቃል ሳነብ ያ እጇ ትዝ ይለኛል።

እግረ መንገዴን ለምእመናን አንድ ነገር ልበል። ቅዳሴ ወጥታችሁ ሴት እህታችሁን ስታገኙ «ምነው አረጀሽ? ያን ያህል ቆንጆ አልነበርሽ እንዴ?» አትበሏት። ሰላምታ አይደለም። እንዲህ የተባለች እህት ለሳምንት ያህል ስታለቅስበት አውቃለሁ።

አሁን ወደ መርፌው ልምጣ። በሜካፕሽ ላይ አልፈርድብሽም፤ ሥራሽ ነው። በቃጠሎ ወይም በአደጋ የተጎዳ ፊትን በቀዶ ሕክምና ማስተካከልም ከሌላ ሕክምና ተለይቶ የሚታይ አይደለም። አንቺ የጠየቅሽኝ ግን ሌላ ነው። ቦቶክስ የሚባለው የፊት መርፌ የሚሠራው የፊት ጡንቻ እንዳይንቀሳቀስ በማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቆየውም ከሦስት እስከ አራት ወር ነው። ከዚያ እንደገና ትመለሻለሽ። የአንቺ ሙያ ደግሞ ያለው በእነዚያ ጡንቻዎች ላይ ነው። ስታዝኝ ግንባርሽ ላይ የሚታየው መስመር ላለፉት 30 ዓመታት አብሮሽ ሲሠራ የኖረ ነው። መርፌ የነካች ሁሉ ተኮነነች አልልም፤ እንዲህ የሚል ሕግ አላወጣብሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ እያለቀስሽ አትወስኚ። ዛሬ የሚያስፈራሽ መጣል ነው። መርፌ ደግሞ ያን ፍርሃት አይነካውም። ለንስሐ አባትሽ ሳትነግሪ፣ እውነቱን ከሚነግርሽ ሐኪም ጋርም ሳትነጋገሪ ቀጠሮ አትያዢ።

የቀረችው ያቺ የ20 ዓመት ልጅ ናት። ስለ እርሷ የጻፍሽው ጥቂት ነው፤ ግን ደብዳቤው ሁሉ እርሷን ይሸታል። ሳኦልን አስታውሺ። ሴቶቹ «ሳኦል ሺህ ገደለ፥ ዳዊትም እልፍ ገደለ» ብለው ዘፈኑ። በዚያ ቀን ከሳኦል ምንም አልተወሰደም። ዘውዱ ራሱ ላይ ነበር፤ ቤቱም ሠራዊቱም የእርሱ ነበር። የተለወጠው ዘፈኑ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዳዊትን በመልካም ዓይን ማየት አቃተው፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ዕረፍት አጣ። እዚያው ቤት ውስጥ ዮናታን ነበረ። ዙፋኑን የሚወርሰው እርሱ ነበር፤ በዳዊት መነሣት ከማንም በላይ የሚያጣው እርሱ ነው። ዮናታን ግን የለበሰውን ልብስ አውልቆ ለዳዊት ሰጠው። ሰይፉን፣ ቀስቱን፣ መታጠቂያውንም ጨመረለት።

አንቺም የምትሰጪያት ነገር አለሽ። ያቺ ልጅ ዛሬ እየሰማች ያለችው አንቺ በ13 ዓመትሽ የሰማሽውን ነው። ማንም አንቺን ያልጠየቀሽን ጠይቂያት። በልተሻል ወይ? ቀረጻ ሲያልቅ ቤት ማን ይጠብቅሻል? ይህን ትዕይንት አልሠራም ማለት እንደምትችዪ ታውቂያለሽ? እነዚህን ከአንቺ በላይ ሊጠይቅ የሚችል ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ የለም።

በቀን በቀን ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ብዙ አላሸክምሽም። ጠዋት መስታወት ፊት ከመቆምሽ በፊት ቆመሽ ጸልዪ፤ ፊትሽን በመስቀል ምልክት አማትቢ። ያንን ፊት አስቀድሞ የነካው የጥምቀት ውኃና ሜሮን ነው። የድሮ ፎቶዎችሽን አትቅደጃቸው፤ ማታ ማታ እየከፈትሽም አትመልከቻቸው። ሰዎች ስለ መልክሽ የሚጽፉትን ማንበብ ለአንድ የጾም ወቅት ተዪው፤ ይህም ጾም ነው። ማንም ስምሽን በማያውቅበት ቦታ አንድ ሥራ ያዢ። አልጋ ላይ ያሉ አረጋውያንን ማጠብ፣ ዓይናቸው ለደከመ ማንበብ። ለማን እንደሠራሽ አታውሪ።

ስክሪፕቱን የላኩልሽ ሰዎች መልስሽን እየጠበቁ ነው። ምክሬን ከፈለግሽ እሺ በያቸው። የእናትን ካራክተር በእውነት ለመሥራት የኖረ ፊት ያስፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ አለሽ። ቀረጻው የሚጀመርበትን ቀንና የክርስትና ስምሽን ብቻ ጻፊልኝ፤ በዚያ ጠዋት በጸሎት አስብሻለሁ። የልጅቷንም የክርስትና ስም ካወቅሽው ጨምሪልኝ።