ከትሪው ሳይለዩ ክብደት መቀነስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት የምሠራ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሐኪም ክብደት እንድቀንስ ከመከረኝ ወዲህ ቤት የምበላውን አስተካክዬ ጥቂት ኪሎ ቀንሻለሁ። የሚያስቸግረኝ ከቤት ስወጣ ነው። ምሳ ከባልደረቦቼ ጋር በአንድ ትሪ እንበላለን፤ በየወሩ ማኅበር አለብኝ፤ እሑድ ደግሞ አማቴ ቤት እንሰበሰባለን፤ እርሳቸውም «በሞቴ» እያሉ ሲያጎርሱኝ እምቢ ማለት ያሳፍረኛል። ሰኞ ጠዋት ስመዘን ሁለት ኪሎ ጨምሬ ስለምገኝ ተስፋ እቆርጣለሁ። ከሰው ጋር መብላቱን ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። በመጀመሪያ የሰኞውን ሚዛን እንመልከት፤ ብዙ ሰው ዕቅዱን የሚተወው እሑድ በበላው ምግብ ሳይሆን ሰኞ ባየው ቁጥር ደንግጦ ነውና። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በአንድ ቀን ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነትዎ ከሚያቃጥለው በላይ 15,000 ካሎሪ ያህል መብላት ይኖርብዎታል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ አማትዎ የቱንም ያህል ቢያጎርሱዎት የሚቻል አይደለም። ሰኞ የሚያዩት ጭማሪ በአብዛኛው የወጡ ጨው በሰውነትዎ ያቆየው ውኃና ገና ያልተፈጨ ምግብ ስለሆነ፣ ወደ ወትሮው አመጋገብዎ ሲመለሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርዳል። ከድግስ ማግሥት አይመዘኑ። በሳምንቱ አጋማሽ አንድ ቀን መርጠው ጠዋት በባዶ ሆድ ይመዘኑ፤ የሚያወዳድሩትም ሳምንትን ከሳምንት እንጂ ቀንን ከቀን አይሁን።

ወደ ትሪው ስንመጣ፣ በጋራ መብላት የሚያስቸግረው ድርሻን ስለሚሰውር ነው። ቤት በሳህን ሲያቀርቡ የበሉትን ያውቃሉ፤ ትሪ ላይ ግን እንጀራው ሲያልቅ ይደገማል፣ ወጡ ሲያንስ ይጨመራል፣ እርስዎም መጥገብዎን የሚያስታውሱት ሌሎቹ እጃቸውን ሲሰበስቡ ነው። ስለዚህ ገና ሲቀመጡ ከፊትዎ ያለውን የትሪውን ክፍል የራስዎ ድርሻ አድርገው በዐይንዎ ይከልሉት፤ በጎን የሚመጣውን ጥቅል እንጀራ ግን አይንኩት። ሆድ መጥገቡን ለአእምሮ ለማሳወቅ 20 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድበት፣ ጨዋታ ያለበት ማዕድ ቀስ ብሎ ለሚበላ ሰው ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። «ማታ ድግስ አለብኝ» ብሎ ምሳን መዝለል ግን አይበጅም፤ የተራበ ሰው ትሪ ፊት ሲቀርብ ዕቅዱ አይታወሰውም። ከመሄድዎ በፊት አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወይም አንድ ስኒ እርጎ ይቅመሱ። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ መዝለል የለበትም።

በዚህ አምድ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች እንደምረዳው ብዙ ሰው የሚወነጅለው እንጀራን ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፤ የጤፉም አሰር ያጠግባል። መጠኑ ሲበዛ እንደማንኛውም ምግብ ያወፍራል፤ ነገር ግን ምግብ ቤት ስንበላ ሳናውቀው ካሎሪውን የሚያንረው ዘይትና ቅቤ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ የምግብ ቤት አብሳይ ደግሞ ማንኪያ አይቆጥርም። ጥብስ ሲያዙ ደረቅ ጥብስ ይሁን፤ በዘይት የራሰው የጥብስ ፍርፍር ለሌላ ቀን ይቆይ። ክትፎ እንኳን ከሚታማበት በላይ ይሻላል፤ ቀይ ሥጋው ብዙ ስብ የለበትም፣ አይቡ ቅቤው ከወጣለት አሬራ የሚሠራ በመሆኑ ቀላል ነው፣ ጎመኑም ያጠግባል። «ቅቤ ቀነስ አድርጉበት» ብሎ ማዘዝም ነውር የለውም።

ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይም በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት፣ «የምበላው የጾም ስለሆነ አያወፍርም» የሚለውን አሳብ ይጠንቀቁ። በያይነቱ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑና ቀይ ሥሩ ተሟልተው የሚገኙበት ሌላ ምግብ ስንት አለ? ነገር ግን ቁርስ ላይ ቦንቦሊኖ፣ ከሰዓት ሳምቡሳ፣ ማታ የተጠበሰ ድንች የሚበላ ጿሚ ዘይቱን ከፍስክ ቀን ሊያስበልጠው ይችላል። ስፕሪስም ፍራፍሬ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሲያዙ «ያለ ስኳር» ይበሉ፤ ከምግብ ጋር ከጠጡት ደግሞ እንደ መጠጥ ሳይሆን እንደ ምግብ ይቁጠሩት።

አሁን ወደ አማትዎ እንምጣ። እርሳቸውን የሚያስከፋቸው ትንሽ መብላትዎ ሳይሆን ምግባቸውን የናቁባቸው መምሰልዎ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን አስቀድመው፣ ከማዕዱ ውጪ፣ በስልክ ወይም ወጥ ቤት አብረዋቸው ሽንኩርት ሲልጡ ይንገሯቸው፦ «እማማ፣ ሐኪም ክብደት ቀንሺ ብሎኛል፤ ዶሮዎን አልተውም፣ ግን ትንሽ ከበላሁ እንዳይቀየሙኝ»። ሐኪም ያዘዘው መሆኑን የሰማች እናት «በሞቴ» ማለቷን ባታቆምም ታለዝበዋለች፤ እንዲያውም ከሌሎች አጉራሾች የምትከላከልልዎ እርሷ ትሆናለች። ከዶሮ ወጡ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ይውሰዱ፤ ቅቤው ያለው ቁሌቱ ውስጥ ስለሆነ እንጀራውን ደጋግመው አይንከሩት። ጉርሻን በተመለከተ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ስለሚባል ሁለቱን በደስታ ይቀበሉ፤ ከዚያ በኋላ አጉራሽ እርስዎ ይሁኑ። ሌላውን የሚያጎርስ እጅ ወደ ራሱ አፍ ቶሎ አይመለስም፤ ማንም ደግሞ በአጉራሽ አይቀየምም።

ለማኅበሩ ብዙ የምለው የለኝም። ዳቦው፣ ቆሎው፣ ጠላውና ቡናው በአንድ ቀን አራቱም የግድ አይደሉም፤ የሚወዱትን አንዱን መርጠው በደንብ ይብሉት ወይም ይጠጡት። ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ ያለ ስኳር መጠጣት ከቻሉ ከእርሱ የሚመጣ ካሎሪ የለም ማለት ይቻላል። ቆሎው ኦቾሎኒ ከበዛበት ግን እፍኙን ያሳንሱት።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሥጋ ቤት እንገናኛለን። አምስት ነን። ቦርጬን ለመቀነስ ቢራውን ትቼ ውስኪ ብጠጣ ይሻለኛል?

መልስ፦ በጥቂቱ ይሻልዎት ይሆናል፤ ነገር ግን ቦርጩን የሚያመጣው የመጠጡ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ አለው፤ ይህም ከስኳር ወደ እጥፍ ይጠጋል። ባለ 330 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ካሎሪ ገደማ፣ አንድ መለኪያ ውስኪ ደግሞ 100 ያህል ነው፤ ውስኪውን በኮካ ካደባለቁት ግን የለስላሳው ስኳር ልዩነቱን ያጠፋዋል። ዋናው ጣጣ ዙሩ ነው። አምስት ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዙር ከጋበዙ፣ እርስዎ ሁለት ጠርሙስ ብቻ ቢፈልጉም አምስት ይጠጣሉ፤ ይህ 700 ካሎሪ ነው፤ ሞቅ ሲል የሚታዘዘው ሁለተኛው ጥብስ አልተቆጠረም። ከዙሩ ለመውጣት የሚከብደው ቆጣቢ እንዳይባሉ በመፍራት ከሆነ፣ ገና ሲገቡ «የሥጋውን ሒሳብ እኔ እዘጋለሁ፣ መጠጡን እናንተ ተጋባበዙ» ይበሉና በየመሐሉ አምቦ ውኃ ይዘዙ። የጋበዘን ሰው «ለምን አትጠጣም» ብሎ የሚጨቀጭቅ ጓደኛ ብዙ አይገኝም።