የመድኃኒት ቅሪትን ከተጣራ ፍሳሽ ማስወገድ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፍሳሹ ተጣርቶ እየወጣ ለምን መድኃኒት ይቀርበታል?

መልስ፦ ማጣሪያ ጣቢያው ለዚያ ስላልተሠራ ነው። ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞልን ባክቴሪያዎቹ አብዛኛውን ይበሉታል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ካርባማዜፒን ግን ከሞላ ጎደል እንደገባ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የትኛው አድሶርበንት (መድኃኒቱን ገጹ ላይ ይዞ የሚያስቀር ቁስ፣ እንደ አክቲቬትድ ካርቦን ያለ) ይሻላል?

መልስ፦ ለየትኛው መድኃኒት? በየትኛው ውሃ? እሱን ሳትነግሩኝ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ የሠራሁት ባዮቻር (ከዕፅዋት ቅሪት የሚሠራ ከሰል) የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክን ጠራርጎ አወጣው። የሞከርኩት በዲስቲልድ ውሃ ነው። ወደ ጣቢያ ልውሰደው?

መልስ፦ አትውሰደው! በዲስቲልድ ውሃ የማይሠራ ነገር የለም። በተጣራ ፍሳሽ ውስጥ የሟሟው ኦርጋኒክ ቁስ በሊትር በሚሊግራም ይለካል፣ መድኃኒቱ ግን በናኖግራም ወይም በማይክሮግራም ነው፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ቁስ ቦታውን ይሻማል፣ ቀዳዳዎቹንም ይደፍናል። ፒኤችም (የውሃው አሲድነት መለኪያ) አለ። ዲክሎፌናክ በፒኤች 7 ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል። የባዮቻርህ ገጽም ኔጋቲቭ ከሆነ ይገፋፋሉ። ካርባማዜፒን ቻርጅ ስለሌለው ይህ ችግር የለበትም። በእውነተኛ ፍሳሽ፣ በእውነተኛው መጠን ሞክር።

አንድ አባል፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? መድኃኒቱን የሚሰባብር ኦዞን ጋዝ አለ አይደል?

ሌላ አባል፦ ውሃው ብሮማይድ ካለው ኦዞኑ ብሮሜት የሚባል ጎጂ ውህድ ይፈጥራል እኮ፣ እሱስ?

የመጀመሪያው አባል፦ አክቲቬትድ ካርቦኑስ በመድኃኒት ሲሞላ የት ይጣላል?

መልስ፦ ኦዞኑን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የመጨረሻዋ ግን ደህና ጥያቄ ናት። በጥራጥሬ መልክ ያለውን ካርቦን በ800 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጋግረው ያድሱታል። የዱቄት ካርቦኑ ግን ከጣቢያው ዝቃጭ ጋር ይቀላቀላል፣ ስለዚህ ዝቃጩ መቃጠል አለበት። ማሳ ላይ ከተበተነ መድኃኒቱን ከውሃ ወደ አፈር አዛወርነው እንጂ አላስወገድነውም። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፣ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ የዱቄት ካርቦን መጠኑ ስንት ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ በሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም። ኦርጋኒክ ቁሱ ከበዛ ይጨምራል። በራሳችሁ ፍሳሽ ሞክሩ አልኩ።

ጥያቄ፦ ታዲያ በአጠቃላይ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጡት አዮዲን ያለባቸው መድኃኒቶችስ?

መልስ፦ እነሱን ካርቦን በደንብ አይዛቸውም፣ ውሃ በጣም ይወዳሉ። በተለይ አሚዶትሪዞይክ አሲድ ቶሎ ያመልጣል። ለነሱ ካርቦን ከመጨመር የታካሚውን ሽንት ፍሳሹ ውስጥ ሳይገባ በከረጢት መሰብሰብ ይሻላል።