የተቀረጸ መስቀል ጣዖት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው አየርላንድ ነው። ሞናስተርቦይስ በሚባል ጥንታዊ የገዳም ቦታ የሙይሬዳክ መስቀል የሚሉትን ትልቅ የድንጋይ መስቀል አየሁ። ከላይ እስከ ታች ሰዎች ተቀርጸውበታል። ላማትብ ስል ጓደኛዬ «የተቀረጸ ምስል ጣዖት ነው፤ እኛ ሥዕል እንጂ ቅርጽ የለንም» ብላ ከለከለችኝ። ልክ ናት?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ለእምነቷ ቀንታ ነው፤ አልቆጣትም። ግን ጥቅሱን እኩሌታው ላይ ቆረጠችው። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። የተቀረጸ ምስል መሥራትን የሚከለክለውን ዘጸአት 20 ቁጥር 4ን በቃሉ ይይዝና ቁጥር 5 ሳይደርስ ይፈርዳል። ቁጥር 5 «አትስገድላቸው፥ አታምልካቸውም» ይላል። የተከለከለው ለፍጡር የሚቀርብ አምልኮ ነው። መቅረጽ ብቻውን ጣዖት ቢሆን ኖሮ ያው እግዚአብሔር ሙሴን «ሁለት ኪሩቤል ከወርቅ ሥራ» ባላለው ነበር (ዘጸ 25፥18)።

የናሱን እባብ አስቢ። ሙሴ በትእዛዝ ሠራው፤ ያዩት ዳኑ። ብዙ ዘመን ቆይቶ ሕዝቡ ሲያጥንለት ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው (2ኛ ነገ 18፥4)። ናሱ ያው ናስ ነበር፤ የተለወጠው የሕዝቡ አድራጎት ነው።

«እኛ ቅርጽ የለንም» የሚለውም ቸኩሎ መናገር ነው። ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ የገባ ሰው፣ ቅዱሳን ከግድግዳው ዐለት ላይ ተፈልፍለው ቆመው ያያል። እርግጥ ለብቻው የቆመ ሐውልት በቤተ መቅደሳችን አልተለመደም። ይህ ሥርዓታችን ነው፣ እንጠብቀዋለን። ሥርዓታችን ያላስለመደውን ሁሉ ግን ጣዖት አንልም።

ያየሽው መስቀል በ10ኛው መቶ ዘመን የቆመ፣ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ነው። በአንድ ገጹ ስቅለቱ፣ በሌላው የፍርድ ቀን አለ። ከፍርዱ ሥር ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ ይመዝናል፤ ዲያብሎስ ከታች ሆኖ ሚዛኑን ሊያዛባ ይታገላል። ነፍሱ በሚዛን የተመዘነችውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ እየሰማሽ ላደግሽው ለአንቺ ይህ እንግዳ አይደለም። ወደ ጫፉ ደግሞ ሁለት መነኮሳት ኅብስት ይቆርሳሉ፦ አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ። አዎ፣ የካቲት 2 በስንክሳር የምናስበው፣ ቁራ ምግቡን ያመጣለት የነበረው አባ ጳውሊ! የግብፅ በረሃ አባቶች አየርላንድ ድረስ እንዲህ ተወደዋል።

ግርጌውም ላይ ጽሑፍ አለ። መስቀሉን ላሠራው ለሙይሬዳክ ጸሎት ይለምናል። ጣዖት ለራሱ መሥዋዕት ይጠይቃል እንጂ ለሰው ጸልዩ አይልም።

ስለዚህ አማትቢ። ክብሩ በመስቀል ላይ ለተሰቀለው ነው። አቡነ ዘበሰማያትም ድገሚ። በሜሮን ከብሮ በቤተ ክርስቲያን እንደተሰቀለ ሥዕል አድርገሽ ግን ሻማ አታብሪለት፣ ስለትም አትሳዪበት። ድንጋዩን ዳብሼ ይቀናኛል የሚል ሰው ካየሽ ደግሞ እዚያ ላይ ጓደኛሽ ልክ ናት፤ ሕዝቅያስ የሰበረው እንዲህ ያለውን ነው። ከእሷ ጋር ግን አትከራከሪ። መጽሐፍ ቅዱሱን ግለጪና ሁለቱን ቁጥሮች አብራችሁ አንብቡ።